ሲሙሌሽን የሚባለውን ኮርስ ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ሆኛለሁ። ዕድሜዬ 28 ነው። በኢኮኖሚክስ ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ባንክ ብድር ክፍል ገባሁ። እዚያው እየሠራሁ በማታው ፕሮግራም ማስተርሴን እማራለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሁለት ኮርሶች አንዱን መምረጥ አለብኝ። አንዱ የልማት ፖሊሲ ነው። ሌላው «የሲሙሌሽን ዘዴዎች ለፋይናንስና ለኢኮኖሜትሪክስ» ይላል። ልቤ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ግን ፈራሁ። ኮድ ጽፌ አላውቅም። ስታታና ኢቪውስ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች የምጠቀመው ሜኑ እየተጫንኩ ነው። ሒሳብም ከተውኩ ቆየሁ። የክፍል ጓደኞቼ «እሱ የሒሳብ ልጆች ነው፤ ግሬድሽን ያበላሽብሻል፤ ደግሞስ ለኢትዮጵያ ባንክ ምን ይሠራልሻል?» ይሉኛል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፌ በዋጋ ንረትና በውጭ ምንዛሪ ላይ ነው፤ የ40 ዓመት ዓመታዊ መረጃ ሰብስቤያለሁ። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ውሰጂው። መልሱን ያስቀደምኩት ምዝገባ ስለማይጠብቅ ነው። ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮዱ ያስፈራሻል፣ ሒሳቡም ያስፈራሻል። ከሁለቱ በላይ ግን «ምን ይሠራልሻል?» የሚለው የጓደኞችሽ ጥያቄ ልብሽን የከፈለው ይመስለኛል። እሱ መልስ ካገኘ የቀረው በጊዜና በትጋት የሚያልቅ ሥራ ነው። ሲሙሌሽን ማለት በዘፈቀደ ቁጥሮች ሰው ሠራሽ ዓለም በኮምፒውተር ፈጥሮ ደጋግሞ መሞከር ነው። ስለዚህ ከራስሽ ወንበር፣ ከብድር ክፍሉ ልጀምር።

እንበልና ባንክሽ ለ1,000 ድርጅቶች እኩል መጠን ያለው ብድር ሰጥቷል። እያንዳንዱ በዓመቱ ውስጥ መክፈል የሚያቅተው ዕድል 5 በመቶ ነው። በአማካይ 50 ብድር ይበላሻል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማባዛት ይበቃል። አለቃሽን እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ዓይነት ክፉ ዓመት ቢመጣ ስንት ብድር ይበላሻል?

ድርጅቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አይነካካም ብለሽ ካሰብሽ መልሱ ከ66 ወይም ከ67 ብዙ አይርቅም። አማካዩ 50፣ ክፉው ዓመት 67። ማንም አይደነግጥም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ሁሉንም ድርጅቶች በከፊል የሚነካ አንድ የጋራ ነገር አለ በይ። የቡና ዋጋ ሊሆን ይችላል፣ የዶላር እጥረት ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ድርጅት ውጣ ውረድ 20 በመቶው ከዚያ የጋራ ነገር፣ 80 በመቶው ከራሱ ጉዳይ የሚመነጭ ይሁን። አማካዩ አልተነካም፤ አሁንም 50 ነው። ክፉው ዓመት ግን ወደ 250 ብድር ያሻቅባል። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ይህን በኮምፒውተር የምታዪው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለዓመቱ አንድ የጋራ ቁጥር በዘፈቀደ ታወጪያለሽ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቁጥር ታወጪያለሽ። ሁለቱን በየድርሻቸው ስኩዌር ሩት (በ0.2 እና በ0.8 ስኩዌር ሩት) አባዝተሽ ትደምሪያለሽ። ድምሩ ከተወሰነ ወለል በታች ከወረደ ያ ድርጅት ብድሩን አልከፈለም። የተበላሹትን ትቆጥሪያለሽ። አንድ ዓመት አለቀ። ይህንኑ 100,000 ጊዜ ትደግሚና ዓመታቱን ከደጉ ወደ ክፉው ትደረድሪያለሽ። 99,000ኛው ላይ የተቀመጠው ቁጥር መልስሽ ነው። ኮዱ ሃያ መስመር ቢሆን ነው።

የባዝል የባንክ ካፒታል ደንብ ውስጥ ያለው ቀመር የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ብድሮቹ እኩልና ተመሳሳይ ሲሆኑ ያለ ሲሙሌሽንም በቀመር ይሠራል። አንዱ ብድር 2 ሚሊዮን ሌላው 200 ሚሊዮን ሲሆን፣ አንዱ አበባ ላኪ ሌላው ሲሚንቶ አከፋፋይ ሲሆን ግን ቀመሩ ይጠፋል። ሲሙሌሽኑ አይጠፋም። ጥቂት መስመር ትጨምሪበታለሽ፣ ይቀጥላል።

ጓደኞችሽ አንድ ነገር ዘንግተዋል። የእኛ ባንኮችም ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው ክፍል ብድሩ እስኪበላሽ አትጠብቁ፣ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ከወዲሁ ገምታችሁ ያዙ ይላል። ግምቱም ሊመጡ የሚችሉ የተለያዩ ሁኔታዎችን እንደየዕድላቸው መመዘን አለበት። ቅጹን ከመሙላት አልፎ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አስረድቶ የሚከራከር ሰው በየባንኩ ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፍሽ ልምጣ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

40 ዓመታዊ መረጃ ይዘሻል። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የዩኒት ሩት ፈተና ትሠሪያለሽ፤ መረጃው ወደ ቋሚ አማካይ የማይመለስ መሆኑን የሚመረምር ነው። ከዚያ ያለፉ ዓመታትን ቁጥር የሚያስገባው ኤአርዲኤል የሚባል ሪግሬሽን፣ ከዚያ የረጅም ጊዜ ግንኙነት መኖሩን የሚፈትነው ባውንድስ ቴስት። ኢቪውስ ላይ የዲኪ ፉለርን የዩኒት ሩት ፈተና ስትሠሪ ከውጤቱ አጠገብ «ማኪነን 1996» የሚል ይወጣል። ጄምስ ማኪነን ካናዳ ያስተማረ የኢኮኖሜትሪክስ ሰው ነው። እነዚያን ቁጥሮች ያገኘው ወረቀት ላይ ቀመር ፈትቶ አይደለም። ሰው ሠራሽ ተከታታይ መረጃዎችን በኮምፒውተር እያመነጨ፣ በእያንዳንዱ ላይ ፈተናውን እያካሄደ፣ ውጤቱን እየሰበሰበ ነው።

ከእሱ በፊት ዲኪና ፉለር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ተራው የቲ ሰንጠረዥ በ5 በመቶ ደረጃ ወሰኑ -1.65 አካባቢ ነው ይላል። መረጃው ዩኒት ሩት ሲኖረው ግን ትክክለኛው ወሰን -2.86 ነው። ምልከታዎቹ 50 ብቻ ሲሆኑ ደግሞ -2.93 ይሆናል። በአንዱ ቁጥርና በሌላው መካከል ስንት ቲሲስ ሊወድቅና ሊነሳ እንደሚችል አስቢው። የባውንድስ ቴስቱም እንዲሁ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ፔሳራን፣ ሺንና ስሚዝ ያወጡት ሰንጠረዥ በሲሙሌሽን የተሠራ ነው፤ ለትልቅ ናሙና ነው የሚሆነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ናራያን ከ30 እስከ 80 ምልከታ ላላቸው መረጃዎች የሚሆን ሌላ ሰንጠረዥ አወጣ። ያንቺ 40 ዓመት የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። የትልቁን ናሙና ሰንጠረዥ ተጠቅመው «ግንኙነት አለ» ብለው የሚደመድሙ ጽሑፎች አሉ። በትንሹ ናሙና ወሰን ቢለኩ ግን ድምዳሜው ላይቆም ይችላል።

ስለዚህ ሲሙሌሽን አዲስ እንግዳ አይደለም። ሳታውቂው ስትጠቀሚበት ኖረሻል። የቲ ሰንጠረዡ ራሱ ሲወለድ አብሮት ነበር። ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የ3,000 እስረኞችን የቁመትና የጣት ልኬት ካርድ ላይ ጽፎ በደንብ በወዘ። ከዚያ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣና ቀመሩን በእነሱ ላይ ፈተነ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። ሐሳቡ ግን ዛሬ አንቺ ልትማሪው ያለው ነው።

ሐሳቡም ይህ ነው። የገበያ ሚዛን ትክክል መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ክብደቱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ይጭንበታል። በእውነተኛ መረጃ ስትሠሪ እውነቱን አታውቂውም፤ ስለዚህ ዘዴሽ ይሳሳት አይሳሳት የምታረጋግጪበት የለሽም። በሲሙሌሽን እውነቱን ራስሽ ታስቀምጫለሽ፤ ከዚያ ዘዴሽ ያገኘው እንደሆነ ታያለሽ። ከኮርሱ ሁሉ ይህን አንድ ልማድ ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ለእኔ በቂ ነው።

ምሳሌውን አንቺ ራስሽ ሥሪው። ሁለት የዘፈቀደ ጉዞዎች ፍጠሪ። እያንዳንዱ የዛሬው ዋጋ የትናንቱ ሲደመር አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይተዋወቁም፤ ራስሽ ለየብቻ ስለፈጠርሻቸው እርግጠኛ ነሽ። ርዝመታቸው 40 ይሁን። አንዱን በሌላው ላይ ሪግሬስ አድርጊና ፒ-ቫልዩውን፣ ማለትም ግንኙነት ባይኖርም እንዲህ ያለ ውጤት የሚወጣበትን ዕድል፣ ያዢ። ይህን 10,000 ጊዜ ድገሚ። ዘዴው ጤነኛ ቢሆን «ግንኙነት አለ» የሚለው ከመቶ 5 ጊዜ ብቻ መሆን ነበረበት። አንቺ የምታገኚው ከግማሽ በላይ ነው። ግሬንጀርና ኒውቦልድ በ1974 እ.ኤ.አ. ይህንኑ 50 ምልከታ ባላቸው መረጃዎች ሲሞክሩ ከአራት ሙከራ በሦስቱ ያህል የሌለ ግንኙነት «አለ» ሆኖ ወጥቷል። የሞከሩት 100 ጊዜ ብቻ ነበር። ያቺ ትንሽ ሙከራ የኢኮኖሜትሪክስን አካሄድ ቀየረች። የዋጋዎች ደረጃና የምንዛሪ ተመን ሁለቱም ከዓመት ዓመት ወደ ላይ የሚሄዱ መሆናቸውን አትርሺ። ያንቺ ጉዳይ በቀጥታ ይኸው ነው።

ወደ ፋይናንሱ ክፍል ስትገቢ ኮርሱ የሚከፍተው በኦፕሽን ዋጋ ይሆናል፤ ኦፕሽን ማለት አንድን ነገር ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው። «እኛ ጋ ኦፕሽን የት አለ?» ትይ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጨቅላ ነው። ኦፕሽኑን ግን ለመገበያያ ብለሽ አትማሪው። የምትማሪው መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ በጣም ጥሩ መለማመጃ ስለሆነ ነው።

ፌሊም ቦይል በ1977 እ.ኤ.አ. ኦፕሽንን በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በዘፈቀደ ቁጥሮች ሲሙሌሽን፣ እንዴት መተመን እንደሚቻል አሳየ። አንድ አክሲዮን ዛሬ 100 ብር ነው በይ። ከዓመት በኋላ በ100 ብር የመግዛት መብት ስንት ያወጣል? ወለዱ 5 በመቶ፣ የዋጋው መዋዠቅ በዓመት 20 በመቶ ይሁን። የብላክና ሾልስ ቀመር 10.45 ብር ይላል። አሁን ቀመሩን ተይውና በሲሙሌሽን ድረሽበት። የዓመቱን መጨረሻ ዋጋ 10,000 ጊዜ አውጪ፤ በእያንዳንዱ መብቱ ስንት እንደሚያስገኝ አስቢ፤ አማካዩን ወደ ዛሬ ዋጋ መልሺ። 10.3 ወይም 10.6 ታገኚ ይሆናል። አትደንግጪ። የዚህ ግምት ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም በዕጣው ምክንያት የሚዋዥቅበት መጠን፣ 0.15 ያህል ነው። ስህተቱን ወደ 0.015 ለማውረድ 10,000ው ወደ 1,000,000 መውጣት አለበት። አንድ ተጨማሪ አስርዮሽ ለማግኘት መቶ እጥፍ ሥራ ማለት ነው። ስህተቱ የሚቀንሰው በድግግሞሹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስለሆነ ነው።

ይህ ዋጋ ውድ ነው፤ ግማሹ የኮርሱ ብልኃትም ይህን ለማርከስ የተፈጠረ ነው። አንዱን ልንገርሽ። የአክሲዮኑን የወደፊት ዋጋ አማካይ ታውቂዋለሽ፤ ወደ ዛሬ ሲመለስ ልክ 100 መሆን አለበት። በሲሙሌሽንሽ 101 ከወጣ ዕጣው ትንሽ ወደ ላይ አድልቷል ማለት ነው። ስለዚህ የኦፕሽኑንም ግምት በተመጣጣኝ መጠን ወደ ታች ታርሚዋለሽ። ይህ ኮንትሮል ቫሪየት ይባላል። በዚህ ምሳሌ ድግግሞሹን ስድስት ሰባት እጥፍ እንዳበዛሽ ያህል ይጠቅምሻል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ትልቅ ነገር ነው።

ስታንዳርድ ኤረር ያልተጻፈበት የሲሙሌሽን ውጤት አትመኚ። የራስሽንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ሲሙሌሽን ያስገባሽውን ዓለም ነው አብዝቶ የሚያሳይሽ። ያላስገባሽውን አያውቅም። ብርን ተመልከቺ። ለዓመታት የዶላር ይፋዊ ተመን በየቀኑ በሳንቲም ቤት ነበር የሚንቀሳቀስ። አንድ ሰው በ2015 ዓ.ም. የዕለት ለውጦቹን ሰብስቦ፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን አውጥቶ፣ በኖርማል ስርጭት የቀጣዩን ዓመት መንገድ 1,000,000 ጊዜ ቢያመነጭ በጣም የተዋበ ጠባብ ሥዕል ያገኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ተመኑ ከ57 ብር አካባቢ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ከሚሊዮኑ መንገዶች አንዱ እንኳ ወደዚያ አይደርስም ነበር።

ድግግሞሹን ወደ ቢሊዮን ማሳደግ ምንም አይረዳም። የጎደለው ዝላዩ ነው። ዝላይ ደግሞ በታሪካችን አለ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደርጓል። ሮበርት ሜርተን በ1976 እ.ኤ.አ. ለአክሲዮን ያቀረበው ሞዴል ዝግተኛውን እንቅስቃሴና አልፎ አልፎ የሚመጣን ዝላይ ያዋሕዳል። እሱን ለብር መሞከር ትችያለሽ። ዝላዩ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል፣ መጠኑስ ስንት ነው ለሚለው ግን ጥቂት ክስተቶች ብቻ ናቸው ያሉሽ። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ አያድንሽም። የብሔራዊ ባንክን ፖሊሲ፣ የትይዩ ገበያውን ልዩነት፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱን የሚያውቅ የኢኮኖሚክስ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ያ ደግሞ አንቺ ነሽ። «የሒሳብ ልጆች» የሚባሉት ከአንቺ በላይ የማያውቁት ቦታ ይህ ነው።

እሺ፣ ዝግጅቱስ?

ኮድ ስላልጻፍሽ አትፈሪ። ትምህርቱ እስኪጀምር ሁለት ወር ካለሽ ይበቃል፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሰጠሽው። መምህሩ የሚጠቀምበትን ቋንቋ ጠይቂና እሱኑ ያዢ። ምርጫው ላንቺ ከተተወ እኔ አርን እመርጥልሻለሁ፤ ነፃ ነው፣ ለኢኮኖሜትሪክስም ይቀላል። ፓይዘን ብትይም አልቃወምም። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ጥቂት ነው። የዘፈቀደ ቁጥር ማውጣት፣ ሉፕ መጻፍ፣ የራስሽን ፈንክሽን መሥራት፣ ሂስቶግራም መሳል፣ ውጤት ፋይል ላይ ማስቀመጥ። ረጃጅም የቪዲዮ ኮርስ ውስጥ አትስጠሚ። ሳንቲም መወርወርን ጽፈሽ ጀምሪ፤ ከዚያ 10 ምልከታ ብቻ ባለው ናሙና የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል በእርግጥ ከመቶ 95 ጊዜ እውነቱን ይይዝ እንደሆነ ፈትኚ። መረጃውን አንዴ ከኖርማል ስርጭት፣ አንዴ ደግሞ ወደ አንድ ጎን በጣም ካዘመመ ስርጭት አውጪ። ልዩነቱን ስታዪ የስታቲስቲክስ መጽሐፍሽን እንደ አዲስ ታነቢዋለሽ። ቀጥሎ ሁለቱ የዘፈቀደ ጉዞዎች፣ ከዚያ ኦፕሽኑ፣ ከዚያ የባንኩ 1,000 ብድር። እነዚህን ይዘሽ ክፍል ከገባሽ ከብዙዎቹ ትቀድሚያለሽ።

ቻትጂፒቲ ኮድ ይጽፍልሻል፤ አታድርጊው አልልሽም። ነገር ግን የሚሠራ ኮድና ትክክለኛ ኮድ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ በራስሽ ሞክሪ፤ የጻፈልሽንም መልሱን በምታውቂው ነገር ላይ ፈትኚው። ኦፕሽኑ 14 ብር ከወጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። 10.45 አካባቢ ከወጣ ወደማታውቂው ጥያቄ ውሰጂው።

ስለ ላፕቶፑ ብዙ አትጨነቂ። ባለ 40 ምልከታ ሪግሬሽን 10,000 ጊዜ መድገም ለአሮጌ ማሽንም ቢበዛ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለመብራቱ ግን ተጠንቀቂ። ረጅም ሥራ ስታስኬጂ ኮዱ በየ1,000 ዙሩ ውጤቱን ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጊ። ሲዱንም መዝግቢ። ሲድ ማለት የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበት መነሻ ነው፤ ያው ሲድ ከተሰጠ ያው ቁጥር ይመጣል። መምህርሽ ኮድሽን ሲያስኬደው አንቺ ያገኘሽውን ማግኘት አለበት።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽን የፕሮባቢሊቲ ደብተር አውጪ። ኤክስፔክቴሽን፣ ቫሪያንስ፣ የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ፣ ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም። ማትሪክስ ማባዛትንም አስታውሺ፤ ተያያዥነት ያላቸው ቁጥሮችን ለማውጣት ቾሌስኪ የሚባል የማትሪክስ መከፋፈያ ዘዴ ይመጣብሻል። በዘፈቀደ ለሚዋዥቁ ነገሮች የተሠራው የኢቶ ካልኩለስ ከመጣም ለኮርሱ የሚበቃው ያህል በሁለት ሳምንት ይያዛል።

የሚከብድሽ ክፍል የት እንደሆነ ሳልነግርሽ አልለፍ። ከአጋማሹ በኋላ ኮርሱ ሞዴልን በሲሙሌሽን ወደ መገመት ይሻገራል። አንዳንድ ሞዴል በቀመር ሊጻፍ አይችልም፤ ሊመነጭ ግን ይችላል። ስለዚህ ፓራሜትሩን፣ የሞዴሉን የማይታወቅ ቁጥር፣ እየለዋወጥሽ ሰው ሠራሽ መረጃ ታመነጫለሽ፤ አማካዩ፣ መዋዠቁና ተያያዥነቱ እውነተኛውን መረጃ እስኪመስል ድረስ ትፈልጊያለሽ። ዳንኤል ማክፋደን፣ እንዲሁም ፔክስና ፖላርድ በ1989 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ጣሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደፊና ሲንግልተን ወደ ንብረት ዋጋ ሞዴሎች አመጡት፤ በዚያው ዓመት ጉሪዬሩ፣ ሞንፎርና ሬኖ ኢንዳይረክት ኢንፈረንስ የሚባለውን ተዛማጅ ዘዴ አቀረቡ።

ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ፓራሜትሩ በተቀየረ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥሮች ያወጣሉ። ያኔ ውጤቱ የሚለወጠው በፓራሜትሩ ይሁን በዕጣው አይታወቅም፤ ፍለጋውም ይጠፋበታል። ቁጥሮቹን አንዴ አውጪና ሥራው እስኪያልቅ እነሱኑ ተጠቀሚ። ድግግሞሹም የግድ በሺዎች መሆን የለበትም። ሰው ሠራሹ መረጃ ከእውነተኛው 10 እጥፍ ቢረዝም የግምትሽ ቫሪያንስ በ10 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ቡትስትራፕም ይመጣል፤ ከራስሽ መረጃ ውስጥ በዘፈቀደ ደጋግሞ አዲስ ናሙና የማውጣት ዘዴ ነው፤ ብራድሊ ኤፍሮን በ1979 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ላንቺ 40 ዓመት ስትጠቀሚበት ዓመታቱን አንድ በአንድ አትቀላቅያቸው፤ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል። ተከታታይ ዓመታትን አብሮ በያዘ ብሎክ ነው የሚወሰደው። የቤይዝያን ዘዴዎችና ማርኮቭ ቼይን ሞንቴ ካርሎ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይመጣሉ። ሰፊ ዓለም ናቸው፤ ለጊዜው ሐሳቡን ብትረጂ ይበቃል።

ግሬዱ አሳስቦሻል፤ ተገቢም ነው። የምትማሪው በራስሽ ገንዘብና ከሥራ በተረፈ ጉልበት ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት መምህሩን ቢሮው ሄደሽ አነጋግሪው። ማርኩ ከፈተና ነው ከፕሮጀክት የሚበዛው? የኮምፒውተር ላብ አለ ወይ? ፕሮጀክቱን በራሴ የመመረቂያ መረጃ ላይ መሥራት እችላለሁ? ብለሽ ጠይቂው። ፕሮጀክት ካለውና የመጨረሻውን ጥያቄ እሺ ካለሽ ሁለት ሥራ በአንድ ጉልበት አለቀልሽ። የቲሲስሽ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አንድ ክፍል ጨምሪ፤ 40 ምልከታ ባለው መረጃ የምጠቀምበት ፈተና ስንት ጊዜ ይሳሳታል የሚል። መረጃሽን የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ተከታታዮች አመንጪና አሳዪ። አድቫይዘርሽ ደስ ይለዋል፤ ፈታኞችሽም ስለ ናሙናው ማነስ ሲጠይቁሽ መልሱን ሠንጠረዥ አድርገሽ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

መምህሩ «ፈተናው በሙሉ የቲዎረም ማረጋገጫ ነው፣ ኮምፒውተር አንነካም» ካለሽ ነገሩ ይለያል። ያኔ የልማት ፖሊሲውን ተመዝገቢ፤ ይህንን ግን ያለ ማርክ ተቀምጠሽ እንድትከታተዪ ፈቃድ ጠይቂው። መልመጃዎቹን ከላይ በነገርኩሽ ቅደም ተከተል ቤትሽ ሥሪያቸው። የተያዘብሽ ኮድ ካለ ላኪልኝ፤ በሚቀጥሉት ዓምዶች አብረን እናየዋለን።